ጣት የሚፈጅ በተን

የአክስቴ ልጅ ላስ ቬጋስ ነው የሚኖረው፤ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል። እሱ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ እኔ ዘንድ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሊነጋጋ ሲል የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ ስማኝማ፣ ይቺ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራዬ፣ ሜክ ሞዷ፣ በተኗ ጣቴን ፈጀችኝ። ሦስቴ ከሳብኩባት በኋላ እንደ ጀበና ነው የምትግለው። በተኗን ብቻ ልዘዝ ወይስ ቱቦዋን ከነነፍሷ ልቀይራት?»

ገና ቡና አልቀመስኩም ነበር። «ምንም እንዳታዝ። አሁኑኑ ባትሪውን አውጣው፤ ስትገባ እናወራለን» ብዬ ጻፍኩለት።

ይኼንን ጥያቄ ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ፣ እኔም በራሴ ጣት ተምሬዋለሁ። በተን ከመሬት ተነስቶ አይግልም። ኤሌክትሪኩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንዱ መገጣጠሚያ ላልቷል፣ ቆሽሿል ወይም ተቃጥሏል፤ ሙቀቱ የጥፋቱን አድራሻ ነው የሚነግራችሁ። አድራሻውን ሳያነቡ አዲስ በተን ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ሜክ ሞድ ማለት መቆጣጠሪያ ቺፕ የሌለው ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ነው። አንድ የብረት ቱቦ፣ ውስጡ አንድ ባትሪ፣ ከላይ ኮይሉ (የሚግለው የሽቦ ጥቅልል) ያለበትና ጁስ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያተነው አቶማይዘር፣ ከታች በተን። ስትጫኑት የባትሪው ጉልበት በሙሉ ያለ ከልካይ ኮይሉ ላይ ይወርዳል። ቺፕ ያለው ቬፕ ሾርት ሲገጥመው ራሱን ያጠፋል፤ ባትሪው ሲደክም ያቆማል፤ ሲግልም «በቃኝ» ብሎ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ይኼኛው አፍ የለውም። በነገራችን ላይ፣ ሲጋራ የማታጨሱ ከሆነ ይኼን ነገር እጃችሁ የሚያስገባ ምንም ምክንያት የለም። እኔ ከኒያላ ሲጋራ ለመላቀቅ ነው የገባሁበት፤ አሁን እንደገና ብጀምር ቺፕ ያለውን ነበር የምገዛው።

መጀመሪያ ባትሪው ይውጣ

ሰው በተኑ ሲግልበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሶ ይስባል። እኔም ሁለት ሳምንት እንደዚያው ሳደርግ ነበር። አይሆንም። በተኑ ተጭኖ ከቀረ (ተጣብቆ ሊቀር ይችላል) ከላይም ሆነ ከታች ቶሎ የሚፈታላችሁን ጫፍ ፍቱት፤ አንዱ ጫፍ ሲላቀቅ መንገዱ ይቋረጣል። ባትሪውን አውጥታችሁ በእጅ ዳሱት። ለብ ካለ ችግር የለም። በእጅ ይዛችሁ ለመቆየት ካስቸገራችሁ ግን ወደ ውጪ አውጡትና ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት፤ ኪስ ውስጥ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር፣ በፍጹም። «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወይም የቀለም ማቅጠኛ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ካለው አትንኩት፣ ራቁት። እንደዚያ ዓይነት ባትሪ ቢበርድም ዳግም አይገባም።

አሁን ደግሞ የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደጋለ አስታውሱ። ሙቀቱ ከላይ፣ ከአቶማይዘሩ በኩል ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ የኮይሉ ሙቀት ነው፤ በላይ በላዩ ስለሳባችሁ ብቻም ሊሆን ይችላል። መሐሉ ከጋለ ባትሪው ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ታችኛው ጫፍ ብቻ፣ ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጣት የሚፈጅ ከሆነ ጥፋቱ ስዊቹ አካባቢ ነው። የኔ እንደዚያ ነበር፤ የአክስቴ ልጅም ነገር እንደዚያው መሰለኝ።

ምጣድና ቬፕ

ተክለሃይማኖት ሰፈር አጎቴ ምጣድና ምድጃ የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው፤ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እዚያ ነበር የምውለው። እናቶች ምጣዳቸውን በኩታ ጠቅልለው፣ በልጅ ተሸክመው ያመጡና «ምጣዱ ተበላሸ፣ አይሰፋልኝም» ይላሉ። አጎቴ ምጣዱን ዞር ብሎም አያየውም። መጀመሪያ የሚያነሳው ስፒናውን ነው። ያሸተዋል። ከዚያ አንደኛውን እግር በጥፍሩ ፋቅ ያደርግና ጥቁሩን ያሳያቸዋል። «እሜቴ፣ ምጣዱ ደኅና ነው፤ የሚጋገረው ስፒናው ነው።» ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነበር። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ላልቶ፣ ነሐሱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይገኛል፤ ለምጣዱ መድረስ የነበረበት ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል።

ይኼን ያነሳሁት ለትዝታ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ነው። እጃችሁ ውስጥ ያለችው ቱቦ፣ 0.22 ኦም ኮይል ላይ፣ በ3.7 ቮልት ወደ 17 አምፔር ትስባለች። አዎ፣ እንጀራ ከሚጋግረው ምጣድ እኩል። ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አይነዝራችሁም፤ ኮንታክት ግን ቮልት አያውቅም፣ የሚያውቀው አምፔር ነው። የሚያወጣው ሙቀት የአምፔሩ ካሬ ሲባዛ በመገጣጠሚያው ኦም ነው፤ እንግሊዛዊው ጁል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የለካው ሕግ ነው። በ20 አምፔር ላይ 0.01 ኦም ብቻ የምታህል ቆሻሻ 4 ዋት ሙቀት ታመነጫለች። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው በ0.5 ኦም ኮይል ዓመት ሙሉ ደኅና የነበረች ቱቦ 0.2 ኦም የገባላት ቀን ጣት የምትፈጀው። ቆሻሻው ድሮም ነበረ፤ የሚያጋልጠው አምፔር ነው ያልነበረው።

የኔ ቱቦ

የኔን የገዛሁት አብሮኝ ሕንፃ ጥገና ላይ ከሚሠራ ፊሊፒኖ ነው። ፊሊፒኖዎች ለዚህ ነገር የተለየ ፍቅር አላቸው፤ አገራቸው ራሳቸው ቀርጸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞልተዋል። የነሐስ ቱቦ ነበረች፣ ከበድ ያለች፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸናጽል የምታበራ። መጀመሪያ ጭሷ እንደ ዕጣን ቤቱን ይሞላ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ጭሱ ሳሳ። ባትሪው የደከመ መሰለኝና ሌላ ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። ኮይሉን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ በተኑ መጋል ጀመረ።

አንድ እሑድ ከኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ታችኛውን ክፍል ፈታሁት። ነጭ ጨርቅ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ማግኔቶቹና ቀለበቶቹ ተስፈንጥረው ሲጠፉ ታገኟቸዋላችሁ፣ ቆሻሻውም ይታያል። ውስጡ የቀለጠ ከረሜላ የመሰለ ቡናማ ነገር አለ፦ ከላይ የፈሰሰ ጁስ በባትሪው ጎን ወርዶ፣ ከኪሴ ብናኝ ጋር ተቦክቶ። ባትሪውን የሚነካው የነሐስ ፒን ጫፉ መሐል ለመሐል ጥቁር ቀለበት ሠርቷል፤ በጥፍሬ ስዳስሰው ሻካራ ነው፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። ስንጫንና ስንለቅ ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ያ ብልጭታ ነው እየነከሰ የቆፈረው። የብሎኑ ጥርስ ደግሞ ግራጫ ዱቄት ይዟል። ይኼኛውን ነው ሰው የሚረሳው። ኤሌክትሪኩ ከበተኑ ወደ ቱቦው የሚሻገረው በዚያ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ከቆሸሸ በተኑ ቢያበራም ዋጋ የለውም።

በቴስተር መለካት

ሳታጸዱ በፊት ለኩ። አለበለዚያ ምን እንዳሻሻላችሁ አታውቁም።

ብዙ ሰው ቴስተሩን ኦም ላይ ያደርግና ስዊቹን ይለካል፤ 0.2 ያነብና ይደነግጣል። ያ 0.2 የቴስተሩ የራሱ ሽቦ ነው። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካኩና ተመልከቱ፣ ያንኑ ቁጥር ታገኛላችሁ። እኛ የምንፈልገው ከዚያ በአሥር እጥፍ የሚያንስ ነገር ስለሆነ በዚህ መንገድ አይገኝም። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ባትሪው ይግባ፤ ኮይሉ ጥጡ በጁስ የራሰ ይሁን፣ ደረቅ ጥጥ ይቃጠላል። አንዱን ጫፍ በተኑ ፊት ላይ፣ ሌላውን በተኑን የያዘው ቀለበት ላይ አድርጉና ሁለት ሰከንድ ብቻ ይጫን። የምታነቡት ኮንታክቱ ላይ የሚባክነውን ቮልት ነው። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ቀለበቱ ላይ፣ ሌላውን ቱቦው ላይ፤ ይኼ ደግሞ ጥርሱ የሚበላው ነው። በተኑ ፕላስቲክ ከሆነ ወይም ብረቱ ከኮንታክቱ ጋር ካልተያያዘ ይኼ አይሠራላችሁም፤ ያን ጊዜ ባትሪውን ለብቻው፣ ከዚያ አቶማይዘሩ ላይ ሲጫን ያለውን ቮልት ለክታችሁ ማነጻጸር ነው፤ ባትሪው ራሱም ሲጫን ትንሽ ዝቅ እንደሚል ሳትረሱ።

ሁለት እጅ አይበቃም። የኔን በተን የጫነችልኝ ሚስቴ ናት፣ በእንጨት ማንኪያ፣ ፊቷን አዙራ፣ «አንድ ቀን ቤቱን ታቃጥለዋለህ» እያለች። ኮንታክቱ ላይ 0.31 ቮልት፣ ጥርሱ ላይ 0.12 ቮልት አነበብኩ። ኮይሌ 0.25 ኦም ነበር፣ አምፔሩ ወደ 13። 0.31 ሲባዛ በ13 አራት ዋት ይሆናል። አራት ዋት በወሬ ደረጃ ምንም አይደለም፤ ጣቴ ሥር ባለች ሳንቲም የምታክል ነሐስ ላይ ሲከማች ግን ጣት ያስነሳል።

ማጽዳት

በተኑን ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ማግኔቶቹን፣ የጎማ ቀለበቱንና ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲኩን ለይታችሁ አስቀምጡ። ማግኔቶቹ የሚገፋፉት በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ከማውጣታችሁ በፊት ላያቸውን በማርከር ምልክት አድርጉበት፤ እኔ ሳላደርግ ቀርቼ ግማሽ ሰዓት ሳገላብጥ ቆይቻለሁ።

ነሐስና መዳብ ብቻ ከሆነ፦ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አምስት ደቂቃ። ሲወጣ ሮዝ ብሎ ታገኙታላችሁ። በውኃ በደንብ አለቅልቁት፣ አሲዱ እዚያው ከቀረ ነገ አረንጓዴ ያበቅላል። አድርቁት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። ሎሚ በጨውም ይሆናል። ማግኔት ግን እዚያ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሽፋኑን ይበላዋል። ኮንታክቱ በብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ከሆነ አቼቶም ሆነ የብርጭቆ ወረቀት አያስፈልገውም፤ አልኮልና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ልባጩን ፍቃችሁ ከጣላችሁት የከፈላችሁበትን ነገር ነው የጣላችሁት።

ጥቁሩ ቀለበት በአቼቶ ካልለቀቀ የትምህርት ቤት ላጲስ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጉድጓድ ካለው 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 2000፣ መስታወት ላይ ተዘርግቶ። ፒኑን ቀጥ አድርጋችሁ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አሹት። በእጅ ይዛችሁ ከፋቃችሁት ይጠጋጋል፤ የተጠጋጋ ፒን በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሚነካ ከበፊቱ ብሶ ይግላል። የብረት ሱፍ አትጠቀሙ፤ ፀጉሩ ተበጣጥሶ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀርና ራሱ ሾርት ይሆናል።

ጥርሱን በምን? የጥርስ ብሩሽና አልኮል ይጀምራል። የሚጨርሰው ግን የጥጥ ክር ነው። ክሩን አልኮል ነክራችሁ ጥርሱ መሐል ጠምጥሙና እንደ ገመድ ወዲያ ወዲህ ሳቡት፤ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የቱቦውን የውስጥ ጥርስ በጥርስ መጎርጎሪያ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ። ክሩ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።

ከዚህ በኋላ እኔ የአሉሚኒየም ሽቦ ስናያይዝ የምንቀባውን ኖአሎክስ የሚባለውን ግራሶ ጥርሱ ላይ እቀባለሁ፤ በመጎርጎሪያ ጫፍ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል። አየር እንዳይገባና እንዳይጠቁር ያደርጋል። ውስጡ የዚንክ ዱቄት ስላለው ፕላስቲኩ ላይ እንዳይደርስ፤ ኮንታክቱ ፊት ላይም አይቀባም፣ ብልጭታው ያቃጥለዋል። የአሞራ ላባ ያህል ከበቃ ለምን ክንፍ? በዛ ማለት ተሻለ ማለት አይደለም።

ሚስቴ ማንኪያዋን ይዛ ተመልሳ መጣች። ኮንታክቱ 0.04፣ ጥርሱ 0.02። ጭሱም ተመለሰ።

ሞላና ማግኔት

በተኑን የሚገፋው ሞላ ከሆነ ይኼን ተመልከቱ፦ ኤሌክትሪኩ በሞላው ውስጥ ነው የሚያልፈው? በርካሽና በድሮ አሠራሮች አዎ። ሞላ ቀጭንና ረጅም የብረት ሽቦ ነው፤ ብረት ደግሞ ከመዳብ ጋር አይወዳደርም፣ የማይዝግ ብረት ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ወደ አርባ እጥፍ ያንሳል። ሞላው ይግላል፣ ሲግል ይልፈሰፈሳል፣ ሲልፈሰፈስ በደንብ አይገፋም፣ የበለጠ ይግላል። ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ካወጣ አልቆለታል። የወደቀ ሞላ አንድ ቀን በተኑን ሳይመልስ ይቀራል፤ ኪስ ውስጥ ሳለ በሉት።

ማግኔት ይሻላል ግን ዘላለማዊ አይደለም። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ጉልበቱን ያጣል፣ ቢቀዘቅዝም ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። በተኑ እንደበፊቱ ገፍቶ ካልመለሳችሁና ቱቦውን ስትነቀንቁት ራሱ የሚነካ ከሆነ ማግኔቱ ይቀየር። ፕላስቲኩ ተጣሞ፣ ቀልጦ ወይም ጠርዙ ጠቁሮ ካገኛችሁት ደግሞ ማጽዳት አይጠግነውም፤ በተኑ ሳይጫን እንዳይነካ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ስዊች እዘዙ፣ ካልተገኘ ቱቦው ለመደርደሪያ ጌጥ ይሁን።

የአጫጫን ነገርም አለ። አንዳንዱ ሰው በተኑን እንደ ሕፃን ጉንጭ ይዳስሰዋል። ቀስ ያለ አጫጫን ማለት ረጅም ብልጭታ ነው። አንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋችሁ፣ እስከ መጨረሻው።

ጥፋቱ በተኑ ባይሆንስ?

ጸድቶም የሚግል ከሆነ አምፔሩ በዝቷል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፤ በኮይሉ ኦም አካፍሉት። 0.5 ኦም 8.4 አምፔር፣ 0.3 ኦም 14፣ 0.2 ኦም 21፣ 0.15 ኦም 28፣ 0.1 ኦም 42። ከዚያ ባትሪያችሁን ተመልከቱ። ሳምሰንግ 25አር የሚባለው 20 አምፔር ነው የሚሰጠው፣ የሶኒው ቪቲሲ5ኤ 25። ላዩ ላይ ነበልባል ወይም አንበሳ ተስሎበት «40 አምፔር» የሚለውን አትመኑ፤ የሌላ ፋብሪካ ባትሪ ልብስ ቀይሮ ነው፣ ቁጥሩንም የልብሱ ሰፊ ነው የጻፈው። ኮይል ጠምጥሞ ሳይለካ መግጠም ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው፤ የኦም መለኪያው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። እኔ ከ0.25 በታች አልወርድም፣ ባትሪውም 3.5 ቮልት ሲደርስ አወጣዋለሁ፤ የሚያስቆመው ቺፕ ስለሌለ እኔው ነኝ ቺፑ። ሳምሰንግም ኤልጂም የሶኒን ባትሪ ሥራ የገዛው ሙራታም ባትሪዎቻቸው ለብቻቸው ወጥተው ቬፕ ላይ እንዳይውሉ እንደሚያስጠነቅቁም እወቁ። እኛ ነን ከማስጠንቀቂያው ውጪ የምንጫወተው።

የባትሪውን ልብስ፣ ያቺን ቀጭን ፕላስቲክ፣ በየሳምንቱ አዙራችሁ እዩ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የባትሪው ጎን ሙሉ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ልብሱ ተቀዶ ብረቱ ቱቦውን ከነካ ኤሌክትሪኩ በተኑን ዘሎ ያልፋል፤ ሳትጫኑ ይነዳል፣ ብትለቁም አይቆምም። አዲስ ልብስ በሳንቲም ይገዛል፣ በፀጉር ማድረቂያ ይጠብቃል።

ቱቦው ላይኛው ጫፉ ላይ የአቶማይዘሩ ፒን ባትሪውን በቀጥታ የሚነካ ዓይነት፣ ሃይብሪድ የሚሉት ከሆነ፣ ፒኑ ከጥርሱ አልፎ በግልጽ ወጣ ማለት አለበት። ገባ ያለ ከሆነ የአቶማይዘሩ ጥርስ ባትሪውን ይነካና ቀጥተኛ ሾርት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ፣ ቬፕ ፈንድቶባቸው ሰዎች ሞተዋል። ባትሪው ሲታፈን ቱቦው እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ነው፤ ስለዚህ የጋዝ መውጫ ቀዳዳ የሌለውን ቱቦ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፣ ያለውንም ቀዳዳ በግራሶ አትድፈኑት።

አንድ ነገር በመንገዴ ላይ፦ ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ቬፑን እዚሁ ትታችሁ ሂዱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ወደ ሌላ ቦታ ስትበሩም ባትሪው ከእጅ ሻንጣ ጋር እንጂ ከሚጫነው ጋር አይሄድም፤ ለየብቻው በፕላስቲክ ማቀፊያው ውስጥ።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ማታ ደወልኩለትና በቪዲዮ ፊቴ ፍታው አልኩት። ታችኛውን ጫፍ ፈታው፣ ባትሪው ወጣ፣ ከባትሪው ኋላ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፎይል ነው ጋሼ። ሥጋ የምንጠቀልልበት። ባትሪው ውስጡ ሲንኳኳብኝ አጥፌ አጥፌ ከሥሩ አደረግሁለት።»

ቱቦው ለ21700 ባትሪ የተሠራ ነው። ወፍራም 21 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 70። እሱ የከተተው 18650 ነው፣ 18 በ65። አምስት ሚሊሜትር ቁመት ጎደለው፣ ያንን በሥጋ ፎይል ሞላው። እጥፍ በእጥፍ ላይ፣ በየመሐሉ አየር፣ ሃያ መገጣጠሚያ በአንድ ቦታ። ሳይጫን መግል ያልጀመረው ፎይሉ የቱቦውን ግድግዳ ስላልነካ ብቻ ነው፤ በፀጉር ስፋት አመለጠ። ዳሩ ጠቁሯል፣ መሐሉ ላይ የባትሪው ክብ ታትሞበታል። በተኑን ዘወር አድርጎ አሳየኝ፤ አንድ ጭረት እንኳ የለውም።

ትክክለኛውን ባትሪ አዘዝንለት፣ ሐሙስ ደረሰው። ዓርብ ሌሊት እንደተለመደው በስምንት ሰዓት መልእክቱ መጣ። «ጋሼ፣ በተኗ በረዶ ሆናለች! እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ላይኛው በኩል ነው የሚፋጀው።»

«ኮይሉ ስንት ኦም ነው?» አልኩት።

ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብቦታል። መልስ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የኦም መለኪያ አዝዞ፦ 0.11።